«ጣይቱ» የሚለው ስም ትርጉምና አመጣጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መልአክ ያወጣውን ስም ግን ሰው ሳይመረምረው እንዲሁ ሲጠራው ይኖራል። በእኛም መካከል «ጣይቱ» ወይም «ዓለሚቱ» ሲባል «የባላገር ስም» ብለው ፈገግ የሚሉ አይጠፉም፤ ከዚህም የተነሣ ስማቸውን አሳጥረው የሚያስጠሩ እኅቶች አሉ። ስለዚህ ነገሩን በሰዋስው በኩል እንመልከተው።

«ጣይ» ማለት ፀሐይ ማለት ነው። የግዕዙ «ጸ» እና «ፀ» በብዙ የአማርኛ ቃላት «ጠ» ሆኗል። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደ ተባለ ሁሉ፣ ፀሐይም «ሐ» ተውጦበት ጣይ ተባለ። እንግዲህ ይህ ቃል የተበላሸ ሳይሆን የራሱን የድምፅ ሕግ የተከተለ አማርኛ ነው።

መድረሻው «ኢቱ» ደግሞ ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ይኸውም ሴትነትንና ተለይቶ መታወቅን ነው። ላሚቱና ንግሥቲቱ ስንል ማናቸይቱም ላም፣ ማናቸይቱም ንግሥት ማለታችን አይደለም፤ የምናውቃት ያችው ናት። በወንድ ዓለሙ፣ በሴት ዓለሚቱ የሚባለው በዚሁ ደንብ ነው። ፀሐይንም «ወጣች፣ ጠለቀች» እያልን በሴት አንቀጽ ስለምንጠራት፣ ጣይቱ ማለት «ያችው ፀሐይ» ማለት ይሆናል።

ነገር ግን በ«ቱ» የሚጨርስ ስም ሁሉ ከዚህ ወገን እንዳይመስለን እንጠንቀቅ። ጫልቱና ደራርቱ የኦሮምኛ ስሞች ናቸው። ጫልቱ የምትበልጥ፣ ደራርቱ የምታብብ ማለት ነው፤ እዚያም «ቱ» የሴት ምልክት ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ ይህን ስም በዓለም ላይ አሰምታለች።

የ«ጣይቱ»ን ስም ከፍ ያደረጉት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበር፤ ታሪክ የሚያውቃቸው ግን በዓለማዊ ስማቸው ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን የሰየሙ፣ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ የተቃወሙ፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱ እርሳቸው ናቸው። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ንግሥትም ስማቸው በዚያው በ«ኢቱ» የሚጨርስ ነበር፤ ዘውዲቱ።

እንግዲህ የሚያስቀው ምኑ ላይ ነው? የከተማችንን ስም ያወጣች ሴት የተጠራችበትን ስም የባላገር ብሎ መናቅ ሰዋስውንም ታሪክንም አለማወቅ ነው። ሴት ልጁን «ያችው ፀሐይ» ብሎ የጠራ ወላጅ የተመኘላት ትንሽ ነገር አይደለም። እኅቶቻችን ሙሉ ስማቸውን ሳያፍሩ ይጻፉ፤ እኛም ሙሉውን እንጥራ።