በሕፃናቱ እርምጃ መጠን
(ለወላጆች የቀረበ ትምህርት)

በላንቴና በአካባቢው ቆላ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በደጋው ዘመድ አላቸው። ለእነዚህ ቤተሰቦች የዓመቱ ትልቁ ጉዞ መስከረም ላይ ለመስቀል፣ በጋሞ ዮ ማስቃላ ለሚባለው በዓል፣ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ፣ ወደ አያት ቤት መውጣት ነው። ለበዓሉ ቅቤው፣ ሥጋውና ልብሱ ቀደም ብሎ ይታሰብበታል። ስለ ልጆቹ ጉዞ ግን የሚታሰበው ብዙ ጊዜ መኪናው በር ላይ ነው። በዚህ ትምህርታችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ጉዳይ ይሆናል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ዔሳው ወንድሙን ያዕቆብን አብረን እንጓዝ ይለዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ለጋ መሆናቸውን አስረድቶ ወንድሙ እንዲቀድም ለመነው፤ እርሱም በሕፃናቱ እርምጃ መጠን ቀስ ብሎ መሄድን መረጠ። መንገዱን የለካው በራሱ ጉልበት ሳይሆን በልጆቹ አቅም ነበር።

እስቲ አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንውሰድ። አራት ልጆች አሉት፦ የ14 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ፣ እግሩ የማይታዘዝለት የ6 ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም የ5 ወር ሕፃን። ጉዞው አንድ ቢሆንም ዝግጅቱ አራት ዓይነት ነው።

1. ሕፃኑ። የአርባ ምንጭ አካባቢ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1200 እስከ 1300 ሜትር ግድም ሲሆን፣ ጨንቻ ግን ወደ 2700 ሜትር ይጠጋል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ የቆላው ሕፃን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሌላ አየር ይቀበለዋል። ስለሆነም ሹራብ፣ ካልሲና ኮፍያ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ሲሸፈንም ፊቱ አይታፈን። በቀርከሃው ቤት ውስጥ ከእሳቱ ጢስ ርቆ ይተኛ። ዘመድ በፍቅር ተነሣሥቶ ቅቤ ላቅምሰው ቢል፣ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንደሚበቃው እናቲቱ በአክብሮት ታስረዳ።

2. መኪና የማይስማማው ልጅ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱ ግን ጠመዝማዛ ነው። የ9 ዓመቱ ልጅ የሚያስመልሰው ከሆነ ቁጣ አይፈውሰውም። ቀለል ያለ ምግብ በልቶ፣ ከፊት ተቀምጦ ወደ ሩቅ ይመልከት። በበዓሉ ዋዜማ ከሚኖረው ግፊያ ለመዳንም ሁለት ቀን ቀድሞ መነሣት ይመረጣል።

3. ታላቂቱ እኅት። ይህች ልጅ በየዓመቱ ትሄዳለች፤ ነገር ግን ሕፃን አዝላ ሄዳ ሕፃን አዝላ ትመለሳለች። እኩዮቿ ወደ ደመራው ሲሮጡ እርሷ ከምድጃው አትርቅም። ተጓዘች እንጂ በዓሉን አከበረች ልንል እንችላለን? አባትና እናት ተራ ገብተው ሕፃኑን ይያዙላት። የአያቷን የሽመና ሥራ ቁጭ ብላ የምትማርበት ግማሽ ቀንም ይሰጣት።

4. እቤት የሚቀረው ልጅ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ «መንገዱ ይጎዳዋል» ተብሎ በየዓመቱ ለጎረቤት አደራ ይሰጣል። እውነት አንዳንዴ ይጎዳው ይሆናል፤ ስለዚህ ጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ግን የሚከለክለው መንገዱ ሳይሆን የእኛ ድካም ወይም የሰው ዓይን መፍራት ነው። ገንዘብ ካነሰ የምንቆይበት ቀን ይጠር፤ የምንወስደው ስጦታም ይቀነስ። ልጁ ግን አይቀነስ። አያቱ እርሱንም ሊመርቁት ይገባል፤ ዘመዶቹም ስሙን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ይወቁ።

የመልሱ ጉዞም ይታሰብበት። የደጋ ዘመድ ልጆች አብረው ወደ ላንቴ የሚወርዱ ከሆነ፣ ወቅቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት ነው፤ የእነርሱ ሰውነት ደግሞ ወባን አልለመደም። ስለዚህ አጎበር ይዘጋጅላቸው፤ ትኩሳት ከታየባቸው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ። አባያ ሐይቅ አዞ ያለበት በመሆኑ ያለ አዋቂ ወደ ዳርቻው አይሂዱ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከመነሣታችን በፊት አንድ ምሽት ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን እያንዳንዱን «አንተስ ምን ያስቸግርሃል? አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለን እንጠይቅ። ልጆችን ሁሉ እኩል መውደድ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማድረግ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ማሰብ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ. ባለፈው በዓል ከልጆቻችን ያልተደሰተ ማን ነበር? ምክንያቱን ጠይቀነዋል?
ለ. በቤታችን የጉዞው ሸክም የሚበዛው በማን ላይ ነው?
ሐ. በሠፈራችን በየዓመቱ እቤት የሚቀር ልጅ አለ? ለቤተሰቡ ምን ልንረዳ እንችላለን?