የግምት ግሦች በእንግሊዝኛ መደበኛ ጽሑፍ፦ «አስዩም»፣ «ፕሪዝዩም» እና «ሰፖዝ» በማልተስ፣ በዳርዊንና በሚል ሥራዎች

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች አብዛኛዎቹ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ የሚታሰቡት ግን ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ከሚያሰናክሉት ቃላት አንዱ «ግምት» ነው። «ገመተ» ሰፊ ግሥ ነው። ነጋዴ የእህሉን ክብደት በዐይኑ ይገምታል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሕዝብን ብዛት ከናሙና ተነሥቶ ይገምታል፤ ሕግ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ ይገምታል፤ ተመራማሪም ስሌቱን ከመጀመሩ በፊት ዋጋዎች አይለወጡም ብሎ ይገምታል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ተግባራት የተለያዩ ግሦች አሉት። አንዱን በሌላው መተካት ጸሐፊው ስለ ማስረጃው የሚናገረውን ይለውጣል።

የግሦቹ ሥር ልዩነቱን ለመያዝ ይረዳል። «አስዩም» እና «ፕሪዝዩም» «መውሰድ» የሚል ፍቺ ካለው አንድ የላቲን ግሥ የወጡ ወንድማማች ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው «ወደ ራስ መውሰድ»፣ ሁለተኛው «አስቀድሞ መውሰድ» ማለት ነበር። «ሰፖዝ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው «ከሥር ማኖር» ነው። «ፖስቹሌት» ደግሞ «መጠየቅ» ከሚል የላቲን ግሥ ተገኝቷል። የቃል ሥር የዛሬን አጠቃቀም እንደማይወስን የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አሻራው አልጠፋም። «አስዩም» ዛሬም ሥልጣን መረከብንና ኃላፊነት መሸከምን ይገልጻል።

የሁለቱን ወንድማማች ግሦች ልዩነት ከብዙ መዝገበ ቃላት ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነፃነት ያሳተመው መጽሐፍ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ሚል ውይይትን ማፈን ራስን ከስሕተት የጸዳ አድርጎ መውሰድ ነው ሲል ይከራከራል። ቀጥሎ የተቃዋሚውን ክርክር ራሱ ያቀርባል፦ ሰው በኑሮው አስተያየቱን እውነት ነው ብሎ ወስዶ ይሠራል፤ መንግሥትም ግብር ሲጥልና ጦር ሲያዘምት እንዲሁ ያደርጋል፤ ታዲያ ጎጂ የመሰለውን አስተያየት ሲከለክል ከዚህ የበለጠ ምን ወሰደ? ክርክሩ የሚሽከረከረው «አስዩም» በሚለው ግሥ ዙሪያ ነው። የሚል መልስ ይህን አንድ ግሥ ለሁለት ይከፍለዋል። አንድን አስተያየት፣ የመቃወሚያው በር ሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚያፈርሰው ስላልተገኘ፣ እውነት ነው ብሎ መያዝን በ«ፕሪዝዩም» ይገልጻል፤ ማንም እንዳያፈርሰው ለመከልከል ሲባል እውነት ነው ብሎ መውሰድን ግን ለ«አስዩም» ይተዋል። የመጀመሪያው ከፈተና የተረፈ ግምት ነው፤ ሁለተኛው ከፈተና የሸሸ።

የሚያስገርመው ሚል ወዲያው ወደ «አስዩም» መመለሱ ነው። አስተያየታችንን ለተግባር ሲባል እውነት ነው ብለን እንድንወስድ መብት የሚሰጠን ሌሎች ሊያፈርሱት ሙሉ ነፃነት ያላቸው መሆኑ ነው ይላል። ስለዚህ ግሡ በራሱ የተወገዘ አይደለም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ከጎኑ የሚቆመው የዓላማ ሐረግ ነው። ግሡን ከሐረጉ ነጥሎ የሚቆጥር የቃላት ጥናት ዋናውን ነገር ያጣዋል።

«ፕሪዝዩም» ጽኑ መኖሪያው የሕግ ቋንቋ ነው፤ የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያዎችም ስሙን «የሕግ ግምት» ብለው ተርጉመውታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 በእንግሊዝኛ ቅጂው ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው በዚሁ ግሥ ይደነግጋል። የአማርኛው ቅጂ ግን «እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር» ይላል። አዎንታው አሉታ ሆኗል፤ መገመቱም መቆጠር። ምርጫው ጥሩ ነው፤ «ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመታል» ቢባል ተራው የአማርኛ አንባቢ ከጥበቃው ይልቅ ጥርጣሬውን ይሰማ ነበር። በአንጻሩ «ፕሪዝዩም» ማስረጃ ሲጎድለው ወደ ድፍረት ያዘነብላል፤ ከእርሱ የወጣ አንድ ቅጽልም በእንግሊዝኛ ያለ ቦታው የሚገባን ደፋር ሰው ይገልጻል።

ቶማስ ማልተስ የሚያሳየው ሌላ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 ስሙን ሳይገልጽ ያሳተመው የሕዝብ ብዛት ድርሰት ሁለት መነሻዎችን ከአንባቢው በመጠየቅ ይጀምራል፦ ምግብ ለሰው ሕልውና የግድ አስፈላጊ እንደሆነ፣ በሁለቱ ጾታዎች መካከል ያለው ፍላጎትም አስፈላጊ እንደሆነና እንዳለ እንደሚቀጥል። ስማቸውን የሚጠራው «ፖስቹሌት» በሚለው ቃል የላቲን ቅርጽ ነው። እነዚህ ተፈቅደውልኛል ብሎ ከወሰደ በኋላ ብቻ፣ በ«አስዩም» ቦዝ አንቀጽ ታግዞ፣ ሕዝብ የመብዛት ኃይሉ ምድር ምግብ ከመስጠት ኃይሏ እጅግ ይበልጣል ወደሚለው ድምዳሜ ይሻገራል። አንባቢው ድምዳሜውን ባይቀበል የትኛውን ድንጋይ መንቀል እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ በኢኮኖሚክስ ጽሑፎች መግቢያ ላይ ሞዴሉ የሚወስዳቸው መነሻዎች የሚዘረዘሩት በዚሁ መንፈስ ነው። ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የሥነ ዘዴ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ መመዘን ያለበት በመነሻዎቹ እውነታዊነት ሳይሆን በትንበያው ነው ብሎ በመከራከሩ፣ በዚህ የሙያ ዘርፍ «አስዩም» ማለት ድክመትን መናዘዝ እንዳልሆነ ይታወቃል።

«ሰፖዝ» ከእነዚህ ይለያል፤ አማርኛም ለእርሱ አቻ አለው፦ «እንበል»። ጸሐፊው የሚለውን ይመን አይመን ግሡ አይናገርም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፍ፣ በአራተኛው ምዕራፍ፣ ስለ ተኩላዎች ሲጽፍ ከሚታደኑት እንስሳት ፈጣኖቹ፣ ለምሳሌ አጋዘን፣ በዙ እንበል ብሎ አንባቢውን በሐሳብ ይዞት ይሄዳል። አጋዘኖቹ መብዛታቸውን አልመሰከረም፤ ማንም ማስረጃ አምጣ ሊለው አይችልም። በሒሳብ ማረጋገጫዎች ግን «ሰፖዝ» እና «አስዩም» እየተተካኩ ያገለግላሉ፤ የ2 ካሬ ሥር ምክንያታዊ ቁጥር ነው ብሎ የሚነሣው ጸሐፊ ሐሰት መሆኑን ሊያሳይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና ልዩነቱ ይደበዝዛል። ተማሪን የሚያስተው የዚሁ ግሥ ተገብሮ ከነመስተዋድዱ ነው፤ ያን ጊዜ ትርጉሙ «ይጠበቅበታል» ይሆናል፤ ሳያደርገው ሳይቀር አይቀርም የሚል ቃናም ብዙ ጊዜ ይከተለዋል።

ከግሡ ምርጫ የማያንሰው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። «አስዩም» በአንደኛ መደብ ሲመጣ ግልጽ መግለጫ ነው፦ ስሕተቶቹ መደበኛ ሥርጭት አላቸው ብለን እንነሣለን። ገምጋሚው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ይመልሳል ወይም ይፈትሻል። በሦስተኛ መደብ ስለ ሌላ ተመራማሪ ሲነገር ግን ግሡ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ክስ ይለወጣል፦ እገሌ ይህን ሳያረጋግጥ ወሰደ። በድርሳናት ቅኝት ምዕራፍ ላይ ተማሪዎች የግሥ ድግግሞሽን ለመሸሽ «አገኘ»፣ «ተከራከረ» እና «አስዩም» የሚሉትን እንደ ተመሳሳይ ቃላት ሲያፈራርቁ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው። ለዓመታት መስክ ወርዶ የለካ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለ ማስረጃ የተናገረ ይሆናል፤ የተማሪው የራሱ ጥናትም ባልነበረ ክፍተት ላይ ይመሠረታል። ማልተስ በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነበር። ዊልያም ጎድዊን የጾታ ፍላጎት በጊዜ ብዛት ሊጠፋ ይችላል ማለቱን ሲጠቅስ ከመላ ምት የማያልፍ ሐሳብ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ይህንም ያደረገው ጎድዊን ራሱ ያን የመጽሐፉን ክፍል በዚያው ስም ስለጠራው ነው።

ባለቤት አልባው ተገብሮ ደግሞ የአማርኛን «ተብሎ ይገመታል» በቀላሉ ይስባል። «በወረዳው 4,000 ያህል አባወራዎች እንዳሉ ይገመታል» የሚል ዐረፍተ ነገር በአማርኛ አያስነቅፍም። በእንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ከናሙና ተሰልቶ ከሆነ ተገቢው ግሥ «ኤስቲሜት» ነው፤ አንባቢውም ስለ ስሌቱና ስለ ስሕተት ወሰኑ ይጠይቃል። ሳይሰላ ለሥራው መነሻ ሲባል ተወስዶ ከሆነ ግሡ «አስዩም» ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ቢለወጥ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የቋንቋ አርታኢ ይህን ሊያርም አይችልም፤ ዐረፍተ ነገሩ በሁለቱም ግሦች ሰዋስዋዊ ነው፤ 4,000 ከየት እንደመጣ የሚያውቀውም የጻፈው ሰው ብቻ ነው።