ስለ በረዶ ናዳና ስለ ስሜን ተራራ

የሀገራችን ሰው «በረዶ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ የጤፉን ዘለላ የሚያራግፈውን ድንጋይ መሳይ ነገር ነው። በእንፍራንዝም ሆነ በደምቢያ ገበሬው የሚፈራው ይህንኑ ነው። እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውን፣ ወርዶም የሚከመረውን ሌላውን ዓይነት ግን በዚያው ስም ጠርተን እናልፈዋለን። ግእዝ በዚህ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ነበረ፤ ድንጋይ መሳዩን በረድ፣ ጥጥ መሳዩን ሐመዳ፣ ውርጩን አስሐትያ ብሎ ለየ። አማርኛም «አመዳይ» የሚል ቃል አለው፤ ዳሩ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ በቀር የሚጠራው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥጥ መሳዩን አመዳይ እንለዋለን።

አመዳይ በኢትዮጵያ አለን? ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ጥንታዊ ነው። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ምዕት ዓመት አዱሊስ ደርሶ፣ ስሙ ያልታወቀ ንጉሥ በግሪክኛ ያስጻፈውን ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉ ስሜንን ከታላቁ ወንዝ ማዶ ያለ፣ እግር እስከ ጕልበት የሚሰጥምበት አመዳይ ያለበት ሀገር አድርጎ ይገልጠዋል። (የተቀረጸውም በእብነ በረድ ዙፋን ላይ መሆኑ ያስገርማል።) በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ስሜንን ያቋረጠው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስም አመዳይ ሲወርድ እንዳየ ተጽፎለታል።

ይሁን እንጂ ዛሬ በራስ ዳሽን ራስ ላይ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ እንኳ፣ አመዳይ አልፎ አልፎ ይወርዳል እንጂ አይሰነብትም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይሟሟል። ስለዚህ በአውሮፓና በሂማላያ ተራሮች ሰው የሚፈጀው የበረዶ ናዳ በእኛ ሀገር የለም። በበረዶ ዘመን ግን የስሜን ከፍተኛ ቦታዎች የበረዶ ግግር ነበረባቸው፤ ግግሩ ገፍቶ የከመረው የድንጋይ ክምር እስከ ዛሬ ይታያል።

ታዲያ የሌለንን ነገር ስለ ምን እናጠናለን? የአወራረዱ ሥርዓት በደጃችን ስላለ ነው።

አመዳይ በአንድ ቀን አይከመርም፤ አንዱ ንብር ባንዱ ላይ ይነጠፋል። አንዱ በነፋስ ተጠቅጥቆ ይጠነክራል፣ ሌላው በሌሊት ቁር እንደ ስኳር የላላ ይሆናል። ጠንካራው በላላው ላይ ሲጫን፣ ከላይ ሲያዩት ምንም የማይል ነጭ መስክ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተልባ በተነሰነሰበት ዘንበል ያለ ወለል ላይ የተኛ ሣንቃ ነው። አዲስ አመዳይ ሲጨመርበት ወይም ሰው ሲረግጠው የላላው ይከዳል፣ የላይኛውም ተሰንጥቆ በሙሉ ይወርዳል። እጅግ የሚያሠጋው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለው ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ገደል ላይ አመዳዩ ብዙ ሳይከማች ይራገፋል። ከተቀበሩት መንገደኞች አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ተቆፍሮ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ተስፋው እጅግ ይመነምናል።

አሁን በአመዳዩ ፋንታ አፈር እናስብ። የሰሜን ደጋ የተሠራው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ በፍሳሽ ላይ እየተነጠፈ ነው፤ በመካከሉ አመድና የበሰበሰ ጭቃ አለ። ክረምቱ ሲበረታ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ያንን ጭቃ ያላላዋል፤ ከላይ ያለው አፈርም ከነእርሻው ከነቤቱ ይንሸራተታል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር በጠለምት ወረዳ ናዳ ሰው ገድሎ ብዙ ሕዝብ አፈናቀለ።

ከዚያ በፊት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት ለመርዳት ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ መጥቶ ረዳቶቹን ደፈነ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለጎረቤት መድረስ ባህላችን ነው፤ ማንም ቆሞ ይይ አንልም። ነገር ግን ሲቆፈር አንድ ሰው ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ይጠብቅ፣ ሲጮኽም ሁሉም ወደ ጎን ይሽሽ፤ ወደ ታች የሚሮጠውን ናዳው ይቀድመዋል። ለክረምት ዕረፍት ወደ ደጋ ቤተሰባችን የምንሄድ ተማሪዎችም ምልክቶቹን ለአባቶቻችን እናሳይ፦ ከቤት በላይ ባለው ተዳፋት የተከፈተ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ ባልነበረበት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፣ መዘጋት እምቢ ያለ በር።

በበጋ ወደ ስሜን ለሚወጣ ጓደኛ ደግሞ ሌላው ጠንቅ የድንጋይ ናዳ ነው። ጉዛራን ከእንፍራንዝ በላይ ያሠራው ዐፄ ሠርጸ ድንግል በስሜን ሲዋጋ ከአምባው ቋጥኝ ይንከባለልበት ነበር፤ ዛሬ የሚያንከባልለው ውርጭ ነው። ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በሌሊት በስንጥቁ ያለው ውሃ ይረጋና ዓለቱን ይፈለቅቀዋል፤ የረጋው ውሃ እስኪሟሟ ግን ድንጋዩን እንደ ሙጫ ይዞት ይቆያል። ፀሐይ ሲሞቀው ይለቀዋል። ስለዚህ ከገደል ሥር የሚያልፍ መንገድ በማለዳ፣ ድንጋዩ ገና እንደ ተያዘ ይታለፋል።