ዶሮ ወጥ በሃኪም ተራራ፦ ለመስክ ሥራ ስለ ስንቅ የተማርኩት

ጋዜጠኛ መስክ ሲወጣ የሚያዘጋጀው ደብተር፣ መቅረጸ ድምፅና ካሜራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስንቅም ከዝግጅቱ አንዱ መሆኑን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ስለሆነ ለክፍላችን ተማሪዎች ላካፍል ወደድኩ።

አምስት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ለፎቶ ልምምድ ሃኪም ተራራ ላይ ልናድር ተነሳን። ዓላማችን ጎህ ሲቀድ ጀጎልን ከላይ ማንሳት ነበር። ካሜራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጓደኛችን ከአጎቱ ለምኖ ያመጣው ሲሆን በማግስቱ መመለስ አለበት። ሌሎቹ “ዳቦና ሙዝ ይበቃናል” ሲሉ እኔ ግን “በአንድ ሰዓት ዶሮ ወጥ አበላችኋለሁ!” ብዬ ፎከርኩ።

ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ከሚሉት ከሸዋ በር ገበያ ዶሮ፣ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርትና ከሰል ገዛን። ሽንኩርት የሸጡልን እናት የት እንደምንሠራ ጠይቀው “የኔ ልጅ፣ ቤትህ አቁላልተኸው ውጣ” አሉኝ። ስቄ አለፍኩ።

እሳት ያነደድነው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ሽንኩርት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ውኃው ተንኖ ሳያልቅ አይቁላላም። በነፋስ ላይ፣ በሦስት ድንጋይ ጉልቻ፣ ይኼ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ሁለተኛው ችግር ከፍታው ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ተራራው ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እሳት ብንጨምር ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ዶሮው ለመብሰል ከቆላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ራት የበላነው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። አጥንቱ ጅብ እንዳይጠራብን ተራ እየገባን እሳት ስንጠብቅ አደርን። ወደ ንጋት ላይ ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ እንቅልፍ ጣለኝ። ስንነቃ ፀሐይዋ ወጥታ የምንፈልገው ብርሃን አልፏል። ካሜራ ያመጣው ልጅ “ወጡ ይጣፍጣል። ፎቶውስ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን ሳስበው አያቶቻችን ቀድመውን ፈትተውታል። በ1888 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ከዚሁ ከሐረር ተነስቶ እስከ አድዋ ዘምቷል። ያን ያህል መንገድ ለሚሄድ ሰው ስንቅ ማለት በሶ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ ነው። ረጅሙ ሥራ ቤት ውስጥ ያልቃል፤ ለመንገድ የሚቀረው ትንሹ ነው። ድርቆሽ ውኃው ስለወጣለት አይሻግትም፣ ለሸክምም ይቀላል፤ ወጥ ሲያገኝ ግን ይመጠዋል።

ለአምስት ሰው የሚሆነው አሠራር እነሆ፦

1. ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቃችሁ ያለ ዘይት አቁላሉ። ሲጠወልግ ዘይትና በርበሬ ጨምሩና እስኪበስል አማስሉት። ቁሌቱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ያዙ።
2. መስክ ላይ ሦስት ኩባያ ያህል ውኃ አፍሉ፤ ቁሌቱንና የተቆራረጠ ቋንጣ ጨምሩ።
3. ቋንጣው እስኪለሰልስ፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ይንተክተክ። ቋንጣ ጨው ስላለው ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ።
4. ቅቤ ጣል አድርጋችሁ ከእሳት አውርዱ። ድርቆሹን ጨምሩና ሁለት ሦስት ደቂቃ ከድኑት።

በቃ! ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ቋንጣ ፍርፍር ደረሰ። አጥንት የለ፣ ጅብ መጠበቅ የለ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ያው ልጅ አጎቱን ዳግመኛ አስቸግሮ፣ ተራራው ላይ ተመለስን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ በልተን ተኛን፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ካሜራው ተዘጋጅቶ ነበር። ፎቶውን አነሳነው። ቃለ መጠይቅም እንዲሁ ይመስለኛል፦ ጥያቄውን ቤቱ ያላቁላላ ጋዜጠኛ መስክ ላይ ጊዜውን ጭስ ይበላበታል። ውድ አንባቢያን፣ ለሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ሽንኩርቱን ቤት አቁላሉ። ቸር ይግጠመን።