ከአይጥ ስለ መርሳት በሽታ የምንማረው

በአገራችን አይጥ የጎታ ጠላት እንጂ የሰው ወዳጅ ተብላ አታውቅም። እኔም በአንኮበር አያቴ ቤት ገብስ ስታበላሽ እያየሁ ስላደግሁ፥ ስለ እርስዋ በጎ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለ አያቴ ብዬ ነው።

አያቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገር ይረሳሉ። ቤተ ሰቡን ይበልጥ ያስጨነቀው ግን እንቅስቃሴያቸው ነው። ነጠላቸውን ያጥፋሉ፥ ይዘረጋሉ፥ ደግመው ያጥፋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም «ከብቶቹ አልገቡም» እያሉ ከምድጃው እስከ በሩ ይመላለሳሉ፤ ከብቶቹ ግን ከተሸጡ ቆይተዋል። አንዱ ጎረቤት «እርጅና ነው» ሲል፥ ሌላው «መንፈስ ነው» ይላል። አባቴም ገደል እንዳይገቡ ፈርተው በሩን ከውጭ መቀርቀር ጀመሩ።

ወደ ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስመለስ ነገሩን ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት መረመረ። በ1906 ዓ.ም. ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፥ በሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመ ዝቃጭ፥ በሕዋሳቱም ውስጥ የተወሳሰበ ክር አገኘ። በሽታው በስሙ ተጠራ። ዝቃጩ አሚሎይድ፥ ክሩም ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች መሆኑ ኋላ ታወቀ።

አይጥን በተፈጥሮዋ ይህ በሽታ አይዛትም። ስለዚህ ሊቃውንት በሽታውን በዘር የሚያወርደውን የሰው ዘረ መል በአይጥ ጽንስ ውስጥ ያስገባሉ። በ1995 ዓ.ም. በአንጎሏ አሚሎይድ የሚጠራቀምባት እንዲህ ያለች አይጥ ለዓለም ተገለጠች። አይጢቱን በባዶ ሣጥን አድርገው፥ በዓይን በማይታይ ጨረር እየተከታተሉ፥ ምን ያህል እንደምትሄድና ስንት ጊዜ እንደምትቆም ይቆጥራሉ። ከእነዚህ አይጦች ብዙዎቹ ከጤነኞቹ ይልቅ ዕረፍት የላቸውም፤ በአንድ ስፍራ የሚዞሩ፥ ሰውነታቸውን ደጋግመው የሚልሱም አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ፈዝዘው ይቀመጣሉ፤ ይህም እንደ ዘረ መሉ፥ እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ይለያያል።

ይህን መቁጠር ምን ይጠቅማል? ቢሉ፥ አይጢቱ በውሃ ገንዳ ውስጥ የተሠወረውን መቆሚያ ብታጣ «ረሳች» ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን በአንድ ስፍራ እየዞረች ከዋኘች፥ ያጣችው ስለ ረሳች ይሁን ስለ ዞረች አይለይም። ስለዚህ እንቅስቃሴዋን ለብቻው መለካት የግድ ነው።

እርግጥ አይጥ ሰው አይደለችም፤ አይጥን የረዳ ብዙ መድኃኒት ለሰው ሳይሆን ቀርቷል። ሆኖም አይጢቱን ማንም «እልኸኛ ናት» ወይም «መንፈስ አደረባት» አይላትም፤ የሚዞረው የታመመ አንጎሏ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ለአይጥ ያልነሣነውን ፍርድ ለአያቶቻችን ስለ ምን እንነሣቸዋለን?

በዕረፍት ጊዜ ይህን ለአባቴ ነገርኋቸው። «አባባ፥ እምዬ ሆን ብለው አይደለም፤ ሐኪም ይያቸው» አልሁ። አባቴ ለጊዜው ዝም አሉ። ማታ ግን መቀርቀሪያውን ትተው ዱላቸውን አነሡና «ነይ እናቴ፥ ከብቶቹን እንይ» ብለው ግቢውን አብረው ዞሩ። አያቴም ተመልሰው ከእሳቱ አጠገብ በሰላም ተቀመጡ።

ሕመማቸው ይኸው ይሁን ሌላ፥ የሚለየው ሐኪም ነው፤ ሊታከም የሚችል የመርሳት ምክንያትም አለና። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በቤታችሁ የሚመላለስ ሽማግሌ ቢኖር፥ በሩን ከመቀርቀራችሁ በፊት አብራችሁት ሂዱ፤ ወደ ሐኪምም አድርሱት።