የሴንት ጆን ፍርስራሾች፦ ከስኳር ማምረቻው እስከ ምሽጉ

ሴንት ጆን ከአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች አንዷ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ሴንት ቶማስ ወርደው ከሬድ ሁክ ጀልባ ይይዛሉ፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ክሩዝ ቤይ ይደርሳሉ። ከአሜሪካ የሚነሳ ግሪን ካርድ ያለው ወገናችን ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ሲመለስ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስለሚጠየቅ ካርዱን ይያዝ። መኪና የሚከራይ ሰው ደግሞ በግራ እንደሚነዳ አይርሳ።

መጀመሪያ ወደ አናበርግ ይሂዱ። በሰሜኑ ዳርቻ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ያለ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ፍርስራሽ ነው። ዐይን የሚስበው ግዙፉ የንፋስ ወፍጮ ማማ ቢሆንም፣ አስቀድመው በተዳፋቱ ላይ የቀሩትን የባሪያዎች ጎጆዎች እንዲያዩ አጥብቄ እለምናለሁ። ግድግዳቸው እንደ እኛ አገር ጭቃ ቤት ተማግሮ የተመረገ ስለነበር የቀረው ጥቂት ድንጋይ ብቻ ነው። የእርሻው ሥራ ሁሉ የቆመው በእነዚህ ጎጆዎች ነዋሪዎች ጉልበት ነበር።

ከዚያ የስኳሩን መንገድ ይከተሉ። አገዳው ወፍጮው ውስጥ ይጨመቃል፤ ንፋስ ሲጠፋ እንስሳት በክቡ አውድማ እየዞሩ ያንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። ጭማቂው በቦይ ወደ ማፍያ ቤቱ ይወርዳል። እዚያ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደሩ የመዳብ ጋኖች፣ በጭልፋ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ እስኪወፍር ይፈላል። ማገዶውም ተጨምቆ የደረቀው የአገዳው ገለባ ነበር። የተቆረጠ አገዳ ቶሎ ስለሚበላሽ በመከር ወቅት ሥራው ሌሊትም አይቆምም ነበር። እዚህ ሲደርሱ የግድግዳውን ማዕዘን ቀርበው ይዩት፤ በድንጋዩ መሀል የተጠማዘዘ መስመር ያለው ነገር ከባሕር ተቆርጦ የወጣ ኮራል ነው። ጡቦቹ መርከብ እንዳይንገዳገድ ለክብደት ተጭነው ከአውሮፓ የመጡ ናቸው።

ከባሕሩ ማዶ የምትታየው ደሴት የእንግሊዟ ቶርቶላ ናት። እዚያ ባርነት እ.ኤ.አ. በ1834 ሲቀር፣ በዴንማርክ ሥር በነበረችው ሴንት ጆን እስከ 1848 ቀጠለ። በመካከሉ ብዙዎች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ይህን ጠባብ ባሕር ለማቋረጥ ሞክረዋል። (ስልክዎ የቶርቶላን ኔትወርክ ሊይዝ ስለሚችል ሮሚንግ ያጥፉ።)

ከምሽጎቹ ዋናው ከኮራል ቤይ በላይ ያለው ፎርትስበርግ ነው። በኖቬምበር 1733 ከዛሬዋ ጋና አካባቢ በባርነት የተወሰዱ አክዋሙዎች የአገዳ መቁረጫ ቢላቸውን በማገዶ እንጨት ውስጥ ደብቀው ገቡ፤ ወታደሮቹን ገድለው በመድፍ ተኩስ ለሌሎቹ ምልክት ሰጡ። የፈረንሳይ ጦር ከማርቲኒክ መጥቶ እስኪደመስሳቸው ድረስ አብዛኛውን ደሴት ለወራት ያዙ። ለአፍሪካዊ ጎብኚ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ በደሴቲቱ ላይ ያለ አይመስለኝም። ይዞታው የግል ስለሆነ ከመውጣትዎ በፊት ኮራል ቤይ ላይ ጠይቀው ፈቃድ ያግኙ።

ጉልበት ያለው ሰው ወደ ሪፍ ቤይ ይውረድ። መንገዱ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፤ ታች በእንፋሎት ይሠራ የነበረው የስኳር ፋብሪካ ከነማሽኑ አለ። ችግሩ በሙቀት ሽቅብ መመለሱ ነውና በጠዋት ይነሱ፤ በቂ ውኃም ይያዙ። በባሕሩ ዳር ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ። ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስለው ፍሬው መርዝ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከሥሩ መጠለልም ቆዳ ያቃጥላል። በፓርኩ ውስጥ ጡብም ሆነ ስባሪ ሸክላ ማንሳት በሕግ የተከለከለ ነው። ለጉዞው የሚመቸው ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ደረቅ ወቅት ነው።