ከጤፍ ይበልጣል፣ ከኑግ ያንሳል

ልጅ፦ እማማ፣ ጎመኔ ወንፊት ሆነ! ትል ይሆን እንዴ?

እማማ፦ ትል ቢሆን ኩሱን ጥሎ ይሄድ ነበር። እስቲ እጅህን ቀስ አድርገህ ወደ ቅጠሉ አስጠጋ።

ልጅ፦ ውይ! ተፈናጠሩ!

እማማ፦ አየሃቸው? ከጤፍ ይበልጣሉ፣ ከኑግ ያንሳሉ። ጥንዚዛ ናቸው፤ የኋላ ጭናቸው ወፍራም ስለሆነ እንደ ቁንጫ ይዘላሉ።

ልጅ፦ ቆስጣው አጠገቡ እያለ ጎመኑን ብቻ ለምን?

እማማ፦ ሽታው ነዋ። የሰናፍጭ ፍሬ እንዳለ አፍንጫ አይነካም፤ ሲደቆስና ውሃ ሲያገኘው ነው የሚሰነፍጠው። ጎመን የሰናፍጭ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ሲነከስ ያው ሽታ ይወጣል። ብዙውን ተባይ ያሸሻል፣ ለእነዚህ ግን የምሳ ጥሪ ነው። ወንዱም እየበላ የራሱን ሽታ ይለቃል፤ የቀሩት ይሰበሰባሉ። እኔ ለምጣድ ማሰሻ ብዬ ጎመን ዘር በዘራሁ ቁጥር ከእኔ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ልጅ፦ ታዲያ መድኃኒት ልርጭ?

እማማ፦ ቆይ፣ ይኼ ስንት ቅጠል አውጥቷል?

ልጅ፦ ስድስት።

እማማ፦ ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ከሚበሉት በላይ ያድጋል። የሚያሳዝነኝ ያ የታችኛው መደብ ነው፤ ገና ከአፈር ብቅ ያለ ቡቃያ፣ በዚህ ፀሐይና ድርቀት በጥቂት ቀን ባዶ ያስቀሩታል። ውሃ አታጓድልበት። ለሚቀጥለው ግን መደቡ ላይ አትዝራ፤ ችግኙን በስስ አጎበር ሸፍነህ አሳድገውና ሲጠነክር አዛውረው። የአጎበሩን ጠርዝ አፈር አልብሰው።

ልጅ፦ እዚሁ፣ አምና ጎመን በነበረበት ላድርገው?

እማማ፦ እንዳታደርገው! እንቁላላቸውን የሚጥሉት አፈር ውስጥ፣ ከጎመኑ ሥር ነው፤ እጮቹ ሥሩን ሲበሉ ቆይተው ጥንዚዛ ሆነው ይወጣሉ። አምና በነበሩበት ቦታ አጎበር ብትዘረጋ፣ ሌባውን ከጎተራው ጋር ቆለፍክበት ማለት ነው።

ልጅ፦ አመድስ?

እማማ፦ ጤዛው ሳይደርቅ ብትነሰንሰው ትንሽ ያግዛል። ዝናብ ካጠበው እንደገና ነው፤ እኔ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

ልጅ፦ ይኼ የተበሳሳውስ ይጣል?

እማማ፦ ምን በወጣው! መርዝ ካልነካው ይበላል። ሂድ፣ ለምሳ የሚሆን ቀንጥስና አምጣ።